እማዬ፣ የምድጃውን ነገር እንዲህ ብናደርገውስ?

ውድ እማዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አሮጌውን የጋዝ ምድጃሽን በጋዝ እንቀይረው ወይስ በኤሌክትሪክ የሚለውን በስልክ አንስተን አንቺ፣ እኔና ታናሼ ሦስታችንም እኩል ስናወራ ምንም ሳንወስን ቀረን። አንቺም «ተረጋግተሽ ጻፊልኝ» አልሽ። ይኸው ጻፍኩ። ትንሽ ስለሚረዝም መነጽርሽን አድርጊ።

መልሴን ላስቀድም። ዋናው ምድጃሽ ኤሌክትሪክ ይሁን። ጋዙም ጨርሶ ከቤት አይውጣ፤ ግን መብራት ሲጠፋ ብቻ የምትለኩሺው ትንሽ ባለ አንድ እሳት ይሁን።

ታናሼ ይሄን ሲሰማ እንደሚቆጣ አውቃለሁ። እሱ ጋዝ ይሻላል ባይ ነው፤ ምክንያቶቹም እውነት ናቸው። ጋዝ መብራት ሄደ አልሄደ አይለውም። ስትቀንሺው ወዲያው ይቀንሳል፣ ስትዘጊው ወዲያው ይጠፋል። የሸክላም ይሁን የአሉሚኒየም፣ ቂጡ የጎበጠም ድስት ቢሆን ይቀበላል። አንቺም «እሳቱን ካላየሁ እጄ አያምንም» ትያለሽ። ዕድሜሽን ሙሉ በነበልባሉ መጠን ስትለኪ ኖረሽ ዛሬ በቁጥር ለኪ ማለት ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል።

እኔን ያሳሰበኝ አፍንጫሽ ነው። አትሳቂ። ጋዝ በተፈጥሮው የሚታወቅ ሽታ የለውም። ያ የበሰበሰ ዕንቁላል የሚመስለው ሽታ፣ ሲያፈስ ሰው እንዲያውቅ ተብሎ ሆን ተብሎ የሚጨመርበት ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው የሚሠራው የሚያሸት ሰው ካለ ብቻ ነው። ባለፈው ስመጣ ወተቱ ገንፍሎ አሮ፣ ሽታው እኔን ሳሎን ድረስ መጥቶ ቀሰቀሰኝ። አንቺ ምድጃው አጠገብ ጀርባሽን ሰጥተሽ ሰሃን እያጠብሽ ነበር። ስነግርሽ እንኳ ሁለቴ ሳብ አድርገሽ አሽትተሽ «ምንም የለም እኮ» አልሽኝ። ዕድሜ ሲገፋ ማሽተት መድከሙ ያለ ነው፤ ባለቤቱ ሳያውቀው ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። ወተት ቢያር ድስት መፈተግ ነው። ጋዝ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው።

ደግሞ «መስኮቱ ክፍት ነው» እያልሽ ትጽናኛለሽ። የሲሊንደር ጋዝ፣ ማለትም ፕሮፔንና ቡቴን፣ ከአየር ይከብዳል። ሲያፈስ ወደ ላይ ወጥቶ በመስኮት አይሄድልሽም፤ ወለሉ ላይ ይተኛል። ከሽታው ማየል በፊት አንድ ብልጭታ ከቀደመው አለቀ።

አሮጌው ምድጃሽ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። በስተግራ ያለው እሳት ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ቢጫ ሆኖ ነው የሚነደው። ድስቶቹን ጥላሸት የሚያለብሰውም እሱ ነው። ቢጫ ነበልባል ጋዙ በቂ አየር ሳያገኝ እየነደደ መሆኑን ነው የሚያሳየው፤ ያኔ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ይወጣል። እሱን ደግሞ አንቺ ብቻ ሳትሆኚ እኔም አላሸተውም። አዲሱ እስኪገባ በዚያኛው አታብስዪ።

ወደ ኤሌክትሪኩ ልምጣ። ሱቅ ስትሄጂ ሦስት ዓይነት ያሳዩሻል። አንዱ ያ የምታውቂው ክብ ብረት ነው። ለመጋል ቀርፋፋ፣ ለመቀዝቀዝም ቀርፋፋ። ከዘጋሽው በኋላ ቀልቶ ስለማይታይ ብዙ ሰው ሳያስበው እጁን ያሳርፍበታል። ሁለተኛው ላዩ መስታወት ሆኖ ከሥሩ ሽቦ የሚግልበት ነው፤ ለጽዳት ይመቻል፣ ትኩስነቱ ግን እሱም ቶሎ አይለቅም።

ሦስተኛው ኢንዳክሽን የሚሉት ነው፤ እኔ የምመርጥልሽ ይሄንን ነው። ከመስታወቱ ሥር የመዳብ ጥቅል አለ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት በፍጥነት የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ ኃይል ይፈጥራል፤ ያ ኃይል የድስቱን ብረት ራሱን ያግለዋል። መስታወቱ የሚሞቀው ከድስቱ በሚመለስለት ሙቀት ነው። ድስቱን ስታነሺ ማሞቁን ያቆማል። ረስተሽ ጎረቤት ብትሄጂ እንኳ አብዛኞቹ ሰዓት ቆጥረው የሚያጠፉበት መላ አላቸው። ነበልባል ስለሌለውም የነጠላሽ ጫፍ አይያያዝም። እኔን ከሁሉም በላይ ያሳመነኝ ይሄ ነው፤ ምድጃው ላይ ጎንበስ ስትዪ ነጠላሽ እንዴት እንደሚወርድ ስንቴ አይቻለሁ!

ነውር የለበትም አልልሽም። ድስት ይመርጣል። የአሉሚኒየሙን፣ የሸክላውንና የመዳቡን አይቀበልም፤ ቂጣቸው ላይ ብረት ካልተለበጠ በቀር። አይዝጌ ብረት የሚባለውም ቢሆን ሁሉም አይሆንም። ርካሾቹ ምድጃዎች ደግሞ ሙቀቱ ዝቅ ሲደረግ በርቶ ጠፍቶ፣ በርቶ ጠፍቶ ነው የሚሠሩት። ቀስ ብሎ እንዲበስል የምትፈልጊው ነገር አንዴ ይንተከተካል፣ አንዴ ዝም ይላል። እሱ እንደሚያናድድሽ ከአሁኑ ይታየኛል። ትንሽ ጨምረን ሻል ያለውን እንግዛ። ፔስሜከር፣ ማለትም የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ፣ የተተከለለት እንግዳ ከመጣ ደግሞ ከበራው ምድጃ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ይበል፤ ማብሰሉን ለሌላ ሰው ይተው።

ከሁሉም በላይ ግን ማብሪያው የሚዞር ይሁን። ሻጩ ጣት ሲነካው ድምፅ የሚያሰማውን፣ ቁጥሩ በቀይ የሚበራውን እያሳየ ያማልልሻል። እርጥብ ጣት አይሰማም፣ ያለ መነጽርም አይነበብም። የሚዞር፣ ሲዘጋ «ቀጭ» የሚል፣ በእጅሽ ዳብሰሽ የምታውቂው። ያ ከሌለ ሱቁን ለቀሽ ውጪ።

ስለ ወጪው ጠይቀሽኝ ነበር። የጋዝ እሳት ከሚያወጣው ሙቀት ግማሽ ያህሉ በድስቱ ጎን አልፎ ቤቱን ነው የሚያሞቀው። ኢንዳክሽን ከሚወስደው ኃይል 85 በመቶ ያህሉን ድስቱ ውስጥ ያስገባል፤ የሚግለው ብረትና ሽቦ ደግሞ ከ70 እስከ 75 በመቶ። ይሄን ሁሉ ቆጥሬ ስደርስ፣ አንድ ኪሎ የሲሊንደር ጋዝ የሚያበስልልሽን ለማብሰል በግምት 7 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ይበቃል። አንቺ የአንድ ኪሎ ጋዝ ዋጋን ውሰጂ፣ ቢሉ ላይ ያለውን የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ በ7 አባዢው፣ አስተያዪ። ከእኔ ይልቅ ያንቺ ሒሳብ ይታመናል።

የመስመሩን ነገር ግን አደራ። ባለ 2000 ዋት ምድጃ በ220 ቮልት ወደ 9 አምፔር ይስባል። ፍሪጁና ቴሌቪዥኑ ከተሰኩበት ማከፋፈያ ጋር አይሰካም፤ ገመዱ ይግላል፣ ይቀልጣል። ከቆጣሪው የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል፤ የመሬት ሽቦም መኖር አለበት። የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ይምጣ እንጂ ታናሼ እንዳይነካው። እጁ ይፈጥናል፣ ችግሩ እሱ ነው።

«ሦስቱ በጋዝ፣ አንዱ በኤሌክትሪክ የሆነውን ብንገዛስ?» ብለሽ ነበር። ብልህ ሐሳብ ይመስላል። ግን አውቅሻለሁ፤ በሳምንቱ አራተኛው ላይ የሻይ ዕቃ ይቀመጥበታል፣ አንቺም ወደ ነበልባሉ ትመለሻለሽ።

ደግሞ ኤሌክትሪክን «የዘንድሮ ልጆች ዕቃ» አትበዪው። ቶማስ አሄርን የሚባል ሰው ካናዳ፣ ኦታዋ ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ ሙሉ ግብዣ በኤሌክትሪክ አብስሎ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1892 ነው። ከአያትሽም ይቀድማል።

ለመብራት መጥፊያ የምናስቀምጠው ጋዝ እሳቱ ድንገት ሲጠፋ ጋዙን በራሱ የሚዘጋ ዓይነት ይሁን። ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ቆሞ ይቀመጥ፤ አይጋደም። አብስለሽ ስትጨርሺ ምድጃው ላይ ብቻ ሳይሆን ሲሊንደሩ ራሱ ላይም ዝጊ። ጎማው ላይ የአገልግሎት ጊዜው ተጽፏል፤ ካለፈበት ይቀየር። ያፈስ እንደሆነ ለማየት የሳሙና አረፋ ቀቢው፤ አረፋው ከተነፋ ያፈሳል። ክብሪት እየለኮሱ መፈተሽ የሚባለውን ከማንም እንዳትሰሚ።

አሁን ካንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ፍሪጁ በር ላይ ያለውን ማግኔት ንቀይና የድስቶችሽንና የመጥበሻዎችሽን ቂጥ በየተራ ንኪው። ጥብቅ አድርጎ የያዘው ለኢንዳክሽን ይሆናል። የማይይዘውን ለይተሽ አስቀምጪ፤ እንዳትጥዪ፣ ለጋዙ ይሆናል። ቅዳሜ ስደውል ስንት እንደተረፈ ትነግሪኛለሽ፤ ስንት አዲስ ድስት እንደምንገዛ ያኔ እናውቃለን። ትልቁን ድስት ማግኔቱ ካልያዘው ግን ሌላ ዘዴ እንፈልጋለን እንጂ እሱን አስጥልሻለሁ ብለሽ እንዳትሰጊ።

የምትወድሽ ልጅሽ