ለ11ኛ ክፍል ወላጆች፦ ስለ ሐሙሷ እንግዳችን

የተከበራችሁ ወላጆች፣

የሦስተኛው ሩብ ዓመት ክፍያ እስከ ወሩ መጨረሻ ይጠናቀቃል፤ የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያም ተጠግኗል። አሁን ከዓርብ ጀምሮ ስልኬን እረፍት ወዳሳጣው ጉዳይ ልግባ።

ሐሙስ ዕለት አንዲት የቀድሞ ተማሪያችንን የብስክሌት ዲናሞ ፈትታ ለልጆቹ እንድታሳይ ጋብዘን ነበር። ዘንድሮ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ሐሳቧ ኢንጂነሪንግ ነው። አንዳንድ ልጆች ሸሚዛቸው ግራሶ ነክቶት ቤት ገብተዋል። ለሸሚዙ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለሌላው ግን አልጠይቅም።

«የምንከፍለው ለትምህርት ነው ወይስ ለጋራዥ?» ያላችሁኝ አላችሁ። አዎ፣ አባቷ እዚሁ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ባጃጅ ይጠግናሉ። ያደገችው ቁልፍ እያቀበለች ነው። «13 ቁልፍ» ሲሏት ከሳጥኑ ውስጥ ሳታይ ዳብሳ ታወጣለች። ይህ የሚያሳፍር ነገር ከሆነ ንገሩኝ፤ እኔ አልታየኝም።

እዚህ ስትማር ጎበዝ የነበረችው በፊዚክስና በሒሳብ ነው። እንግሊዝኛዋ አስቸግሮን ነበር፤ አሁንም ሪፖርት መጻፍ እንደሚያስጨንቃት ለልጆቹ ሳትደብቅ ነግራቸዋለች። ልቧ ያለው ኮረብታው ላይ ባሉት የነፋስ ማመንጫዎች ነው። መጀመሪያ 34፣ ቀጥሎ 102 ተተከሉ፤ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ። 10ኛ ክፍል እያለች «ነፋስ እያለ ለምን ይቆማሉ?» ብላኝ መልስ አጥቼ ነበር። ሐሙስ ራሷ መለሰችልኝ። አንዱ ምክንያት ነፋሱ ከልክ ማለፉ ነው፤ እንዳይሰበሩ ክንፋቸውን ጠምዘዝ አድርገው ይቆማሉ።

«ገና ዲፓርትመንት ያልመረጠች ልጅ ምን ታስተምራለች?» ለምትሉ፦ እንድታስተምር አልጠራኋትም። አሮጌ ብስክሌት ገልብጣ ጎማውን አሽከረከረች፤ ዲናሞው አምፖሉን አበራ። ቀጥላ ሌላ ዲናሞ ፈታች፤ ማግኔትና የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ። ከኋላ ወንበር ተነስቶ የማያውቅ አንድ ልጅ «ቆይ፣ በቃ ይኸው ነው እንዴ የፋራዳይ ሕግ?» አለ። የፊዚክስ መምህሩ ያንን ሕግ፣ ማለትም ማግኔት በተጠቀለለ ሽቦ አጠገብ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል የሚለውን፣ ሦስት ሳምንት አስተምሮታል። እሱም ሰምቶ ሳቀ፤ ትንሽ ከፍቶት ይሆናል።

«ኢንጂነሪንግ ሥራ የለውም፣ ልጄ ሐኪም ነው የሚሆነው» ያላችሁም አትቆጡ። ማንንም አላስመዘገብንም። ደግሞስ ሐኪም የሚሆነውም ልጅ ማትሪክ ላይ ፊዚክስ ይፈተናል። በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አንረሳም። ያን ዓመት ሽምደዳ የት እንዳደረሰን አይተናል።

«ክፍለ ጊዜ ባከነ» የሚለው ነው ከምር ያናደደኝ። 40 ደቂቃ ነው! ባለፈው ወር ለሠርግና ለለቅሶ ልጆቻችሁን ያስቀራችሁበትን ቀን ብደምር ከዚህ ይበልጣል። ደምሬዋለሁ፤ ይበልጣል።

ቅር ያለው ወላጅ ቢሮዬ ይምጣ፣ ቡና አለ። ልጅቷ የመጪው ሳምንት ሐሙስም ትመጣለች፤ አባቷ የተቃጠለ የውሃ ፓምፕ ሞተር ሰጥተዋታል። እባካችሁ ልጆቹን አሮጌ ቲሸርት አስይዟቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
ርዕሰ መምህር
አዳማ