መጀመሪያ የሚደርሰው የባጃጅ ሹፌሩ ነው፤ ቦርሳውን እንሙላለት

ባለፈው ክረምት የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ዝናቡ ሊያባራ ሲል አንዲት ባጃጅ ጥሩንባዋን እየነፋች ግቢ ገባች። የኋላ ወንበሩ ላይ አንድ ወጣት ተጋድሟል። ጭኑን ቆርቆሮ ቀዶታል። ወለሉ ደም በደም ነው። አጠገቡ የተንበረከከ ልጅ የእናቱን ነጠላ ቁስሉ ውስጥ ጠቅጥቆ፣ ሁለት እጁን ደራርቦ፣ ክንዱን ወጥሮ ይጫናል። «በቃ ልቀቀው፣ እኛ እንይዘዋለን» አልኩት። አልለቀቀም። ከዘንዘልማ ጀምሮ ሲጫን ስለመጣ ጣቶቹ ደንዝዘው አልታዘዝ ብለውታል። አንድ በአንድ አላቀቅናቸው።

ያ ወጣት ዛሬ በሁለት እግሩ ይሄዳል። ሆስፒታሉ የድርሻውን ሠርቷል። ነገር ግን በሕይወት ያደረሰልን ያ ልጅ ነው።

በዚያው ሰሞን ሌላ ሰው መጣ። የላይ ቁስሉ ብዙም አያስፈራም ነበር። ራሱን ግን ስቷል። መንገዱን ሙሉ በጀርባው ተኝቶ ስለመጣ አፉ ውስጥ የተጠራቀመው ደም ትንፋሹን ዘግቶታል። አልተረፈም። ያመጡት ሰዎች ሥራቸውን ጥለው፣ ከኪሳቸው ከፍለው የሮጡ ደግ ሰዎች ናቸው። በጎኑ አስተኙት ብሎ ያሳያቸው ሰው ግን አልነበረም። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህን የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

እኔ ባሕር ዳር ውስጥ ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ከሰፈራችን እድር፣ ከባጃጅ ሹፌሮችና ከጀልባ ሠራተኞች ጋር ሆነን አንድ ሥራ ጀምረናል። በየባጃጅ ተራውና በየጀልባው የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ ማስቀመጥ፣ ቦርሳውን የሚይዘውንም ሰው ማሠልጠን። ሥልጠናው በነጻ ነው። እኔና የሥራ ባልደረቦቼ እሁድ እሁድ እንሰጣለን። የጎደለን ዕቃው ነው።

ለምን ሹፌሩ ላይ ታተኩራላችሁ የሚል አይጠፋም። ከተማችን ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን የሚባሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች አሏት። እውነት ነው። ግን ደም ሆስፒታል እስክንደርስ አይጠብቅም። አንድ አዋቂ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ያለው ደም 5 ሊትር ገደማ ነው። በግማሽ ሊትር የውሃ ላስቲክ ብትለኩት አሥር ላስቲክ መሆኑ ነው። የጭን አጥንት ሲሰበር ከዚህ ውስጥ ሁለቱ ላስቲክ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ጡንቻው ውስጥ ሊፈስ ይችላል። ውጭ አንዲት ጠብታ ሳትታይ! ትልቅ የደም ሥር ከተቆረጠ ደግሞ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። አሁን ዘጌን አስቡ። ቡና ለመልቀም ዛፍ ላይ የወጣ ሰው ወድቆ ቢጎዳ፣ በሞተር ጀልባ እንኳ ወደ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ከደቅ ደሴት ሲሆን መንገዱ ከዚያም ይረዝማል። የደም መፍሰስን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለው መድኃኒት እንኳ የሚረዳው ከጉዳቱ በኋላ በ3 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ ነው። ስለዚህ ጀልባው ውስጥ ያለው ሰው ምን እንደሚያደርግ ማወቅ አለበት።

የምናስተምረው ቅደም ተከተል ዓለም ሁሉ የሚሠራበት ነው። አመጣጡን ስሰማ ልቤን ነክቶኛል። እ.ኤ.አ. በ1976 ጄምስ ስታይነር የሚባል አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም ቤተሰቡን ይዞ ራሱ በሚያበራት ትንሽ አውሮፕላን ሲጓዝ ነብራስካ ውስጥ ተከሰከሰ። ባለቤቱ ሞተች። ልጆቹ ክፉኛ ተጎዱ። የደረሱበት የገጠር ሆስፒታል ለእንዲህ ያለ ጉዳት አልተዘጋጀም ነበር። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የትም ያለ ሐኪም ሊከተለው የሚችል ሥርዓት አዘጋጀ። የመጀመሪያው ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ1978 ተሰጠ። ዛሬ በብዙ አገር ያለ ሐኪም ይማረዋል።

ለሹፌሮቻችን ስናስተምረው እንዲህ እንላለን። መጀመሪያ ደሙን አቁም። ከዚያ አፍና ጉሮሮው ክፍት መሆኑን እይ። ትንፋሹን ተመልከት፣ ደረቱ በሁለቱም በኩል እኩል ይነሳል? ቆዳው ቀዝቅዟል? ትጠራዋለህ፣ ይመልስልሃል? በመጨረሻ ልብሱን ገልጠህ ሌላ ቁስል ፈልግ፣ ወዲያው መልሰህ በጋቢ ሸፍነው። ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ደሙ በደንብ አይረጋም። ብዙ ሰው ይህችን የመጨረሻዋን አያውቃትም። ከሐይቁ በሚነፍሰው የሌሊት ንፋስ ደግሞ በጣም ታስፈልጋለች።

የማይደረገውንም እናሳያለን። እጅና እግሩን ይዞ እንደ ጆንያ ማንሳት የለም። አከርካሪው ተጎድቶ ከሆነ ዕድሜ ልኩን ሽባ ሊሆን ይችላል። የተሰካ ብረት ወይም እንጨት አይነቀልም፣ እዚያው እንዳለ ዙሪያውን በጨርቅ ይደገፋል። ቡና ቁስል ላይ አይነሰነስም።

ስለ ወጌሻዎቻችን አንድ ነገር ልበል። አያቴን እጇን ያሸላት ወጌሻ ነው፣ እኔ አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን ስብራቱ ላይ የሚያስሩት ቀርከሃ ሲጠብቅ ደም ይከለክልና እጅ ይጠቁራል። እጃቸው የተቆረጠ ሕፃናትን አይቻለሁ። ስለዚህ ወጌሻዎችን ሥልጠናው ላይ ጋብዘናል፣ ሁለቱ ከወዲሁ መጥተዋል። ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ማሠሪያው ወዲያው ይፈታል፣ ሰውየውም ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። ቆዳ ቀዶ የወጣ አጥንት ደግሞ ከነጭራሹ ለእሽት አይሰጥም።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። የምንፈልገው 40 ቦርሳ ነው፤ 25ቱ ለባጃጅ ተራዎች፣ 15ቱ ለጀልባዎች። በእያንዳንዱ ውስጥ ጓንት፣ ጎዝ፣ ሰፋፊ ፋሻ፣ ልብስ የሚቀድ መቀስ፣ ለስብራት መደገፊያ፣ አንድ ቱርኒኬትና ጊዜ የሚጻፍበት እስክርቢቶ ይኖራል። ቱርኒኬት ማለት ክንድ ወይም ጭን ላይ ከቁስሉ በላይ ታስሮ ደሙ እስኪቆም የሚጠመዘዝ ቀበቶ ነው። የታሰረበት ሰዓት ካልተጻፈ እኛ ጋ ሲደርስ እንቸገራለን፣ እስክርቢቶው ለዚያ ነው። ከቦርሳው ሌላ 8 የእንጨት ቃሬዛ እናሠራለን። አንድ የሰፈራችን አናጺ የእጁን ዋጋ ትቶልናል። ጣውላውን ብቻ ነው የምንገዛው።

ውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ ቱርኒኬት ከመላካችሁ በፊት ጠይቁን። በርካሽ የሚሸጡ አስመሳይ አሉ። ሲጠመዘዙ ይሰበራሉ። እጃችን ላይ አንዱ ተሰብሮብናል፣ ደግነቱ በልምምድ ላይ ነበር።

ገንዘቡ የሚገባው በእድሩ ስም በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ነው። በሦስት ሰው ፊርማ ካልሆነ አይወጣም። እያንዳንዱ ደረሰኝ እድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ማንም ገብቶ ማየት ይችላል። ገንዘብ የሌለው ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ያረጀ ግን የታጠበ ጋቢ ይስጠን። ልብስ ሰፊ የሆነች እናት ቦርሳውን ትስፋልን። ጀልባ ያለው ለልምምድ አንድ ከሰዓት ያውሰን።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን በብዛት የሚገድለው የመንገድ አደጋ ነው። የባጃጅ ሹፌሮቻችን ዕድሜም ይኸው ነው። የሚያድኑትም የሚጎዱትም እነሱ ናቸው።

ያ ነጠላ የጠቀጠቀው ልጅ አሁን ከእኛ ጋር ነው። በመጀመሪያው ሥልጠና ላይ ለጓደኞቹ እንዴት እንደሚጫኑ ያሳየው እሱ ነበር። «ክንድህን አትጠፍ፣ በሰውነትህ ክብደት ተጫን፣ ገልጠህ አትይ» እያለ።

የሚቀጥለው ሥልጠና እሁድ ከቅዳሴ መልስ በእድሩ ድንኳን ነው። መጥታችሁ እዩን። ለመስጠት ያሰባችሁም የሒሳብ ቁጥሩን እዚያው ከገንዘብ ያዣችን ውሰዱ። ቡና ይፈላል።