«በሽታዋ ምንድን ነው?» ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ሚኒስቴር

ለጤና ሚኒስቴር፤ የአእምሮ ጤና ጉዳይ ለሚመለከታችሁ ሁሉ፤

ጤና ይስጥልኝ።

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ «ጉዳዩ፦» ተብሎ እንደሚጀመር አውቃለሁ። የኔ ጉዳይ ግን በአንድ መስመር አልገባ አለኝ። የሚጀምረው ከፊልም ነው። ትንሽ ታገሡኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ቅዳሜ ማታ፣ አንድ ጓደኛችን ግቢ ውስጥ ነጭ አንሶላ ወጥረን ፊልም አየን። በወር አንዴ እናደርገዋለን። አንዱ ፕሮጀክተር ከመሥሪያ ቤቱ ይዞ ይመጣል (እንዴት እንደሚያወጣው ጠይቀነው አናውቅም)፣ አንዷ ቆሎ ታመጣለች፣ ጎረቤቶችም ድምፁን ሲሰሙ ዱካቸውን ይዘው ብቅ ይላሉ። ያን ቀን ሃያ ሰው ያህል ነበርን። የመምረጥ ተራው የኔ ነበር። የመረጥኩት «ኤ ውማን አንደር ዘ ኢንፍሉወንስ» የሚባል የአሜሪካ ፊልም ነው። እንደ ፈረንጅ በ1974 የወጣ፣ እኛ ንጉሡን ባወረድንበት ዓመት ማለት ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። ሜብል የሦስት ልጆች እናት ነች። ባሏ ኒክ ለከተማው የሚሠራ የግንባታ ሠራተኞች አለቃ ነው። ትወደዋለች፣ ይወዳታል። ግን ሜብል ሁሉ ነገሯ ከልክ ያልፋል፤ ሳቋም፣ ፍቅሯም፣ ዝምታዋም። ሰው ፊት እጇና ፊቷ አልታዘዝ ይሏታል። ባሏ ግራ ይገባዋል፣ ይጮኻል፣ ይማታል፣ መጨረሻ ላይ ሆስፒታል ያስገባታል። ከስድስት ወር በኋላ ትመለሳለች። በቃ ይኸው ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጀው።

የፊልሙ ዳይሬክተር ጆን ካሳቬትስ መጀመሪያ የጻፈው ቲያትር እንዲሆን ነበር፣ ሜብልን ሆና ለሠራችው ለሚስቱ ለጂና ሮውላንድስ። እሷ ይህን በየምሽቱ መድረክ ላይ ብጫወት አልተርፍም ስላለችው ወደ ፊልም ለወጠው። ገንዘብ የሚሰጠው ሲያጣ ቤቱን አስያዘ። ባልየውን ሆኖ የሠራው ፒተር ፎክም ከኪሱ አዋጣ። ሲያልቅ የሚያከፋፍለው ጠፋና ያንንም ራሱ ሠራው። የባልየው እናት ሆነው የሚጮኹት የካሳቬትስ የገዛ እናቱ ናቸው፤ የሜብልን እናት የሠሩት ደግሞ የሮውላንድስ እናት። ይህን ሁሉ ለግቢው ሰው ላስረዳ ስጀምር «ኧረ ክፈቺው፣ በረደን» አሉኝ።

የሥሩ ጽሑፍ እንግሊዝኛ ስለነበር አንዲት የሰፈራችን ልጅ ከኋላ ለተቀመጡት እናቶች እየተረጎመች ነበር። ጎበዝ ነች፣ ድምፅ እየቀያየረች ነው የምትተረጉመው።

መጀመሪያ ሰው ሁሉ ሳቀ። ኒክ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ጠዋት ሠራተኞቹን በሙሉ ቤቱ ይዞ ይመጣል፣ ሜብልም ለቁርስ ስፓጌቲ ትሠራላቸዋለች። «በጠዋት ፓስታ!» አለ አንዱ፣ ግቢው አውካካ። ከዚያ ሜብል ካልደነስክ ብላ አንዱን ሠራተኛ ትይዘዋለች። አሁንም ተሳቀ። ባሏ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሲጮኽባት ግን ሳቁ ተቆረጠ። ሆድ ውስጥ የቀረ ሳቅ ታውቃላችሁ? እንደዚያ።

ሐኪሙ ቤት መጥቶ፣ አማትየዋ እየጮኹ፣ ሜብል ከክፍል ክፍል ስትሸሽ አስተርጓሚያችን ዝም አለች። «ቀጥዪ እንጂ ልጄ፣ ምን አሉ?» አሉ አንዲት እናት። መልስ የለም። ትንሽ ቆይተው «ተይው፣ ገብቶኛል» አሏት። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው የተረጎመ የለም፤ የጠየቀም የለም።

ካለቀ በኋላ ያለው ነው እንድጽፍላችሁ ያደረገኝ። ሌላ ጊዜ ፊልም ሲያልቅ ሰው ዱካውን አንስቶ «ደህና እደሩ» ነው። ያን ቀን የተነሳ የለም። ክርክር ተጀመረ። ሴቶቹ ከሞላ ጎደል አንድ ወገን ሆኑ፦ «ሴትዮዋ ምንም የላትም፣ ያሳበዳት እሱ ነው።» አንድ የታክሲ ሹፌር ደግሞ ለኒክ ጠበቃ ቆመ። «ሰውዬው ምን ያድርግ? ሥራ አለው፣ ሦስት ልጅ አለው፣ ማን ነግሮት ያውቃል?» አለ። ሦስተኛው ወገን «ጠበል ቢወስዷት ኖሮ» አለ። «ሎስ አንጀለስ ምን ጠበል አለ?» ሲባል «ለምን አይኖር፣ የኛ ቤተ ክርስቲያን እዚያም ሞልቷል» ብሎ አሳቀን።

ታዲያ በመሃል አንዱ «ቆይ፣ በሽታዋ ግን ምንድን ነው?» አለ።

ፊልሙ አይናገርም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስም አይሰጠውም። እኛ ግን ስም አላጣንም። ነርቭ ነው፣ ድባቴ ነው፣ ባይፖላር ነው፣ ዛር ነው፣ ዓይነ ጥላ ነው፣ መጠጥ ነው። ሃያ ሰው፣ ሃያ ምርመራ። ከዚያ እኒያ «ገብቶኛል» ያሉት እናት ማንንም ሳያዩ «እህቴ እንዲህ ነበረች» አሉ። አሥራ አንድ ዓመት ጎረቤታችን ናቸው፣ እህት እንዳላቸው የሚያውቅ አልነበረም። ከሳቸው ቀጥሎ ሌላው ስለ አባቱ አወራ። ሹፌሩም ያን ሁሉ የተሟገተው ለኒክ እንዳልነበረ ገባን፤ ሚስቱ ሁለተኛ ልጃቸውን ከወለደች በኋላ ለወራት ከአልጋ አልወረደችም ነበር። እሱ ስንፍና መስሎት ሲሳደብ ከረመ። ይህን ሲናገር ድምፁ ሄዶ ነበር። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ድረስ ተቀመጥን።

እኔም ተራዬ ደረሰ። ለናንተም ልንገራችሁ።

እማዬ የታመመችው እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ትምህርት ቤት «እናትሽ የት ነች?» ስባል «ራሷን አሟት ነው» እንድል ተነገረኝ። እውነትም ነው፣ ውሸትም ነው። ሰፈር ውስጥ ግን ያው ወሬው አይቀርም፣ «ለቀቅ አድርጓታል» ይባል ነበር። ልጆች ሲጣሉኝ «እናትሽ አማኑኤል» ይሉኛል። አስቡት፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት አገሪቱ የነበራት ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ስሙ ስድብ ሆኖ ቀረ። ልብ ታሞ ሆስፒታል በገባ ሰው ማን ተሰድቦ ያውቃል?

የተኛችበትን ሆስፒታል አልጠራም። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም፣ ሥራ በዝቶባቸው ነበር። ስትወጣ አባቴ እጅ የገባው አንድ ከረጢት ክኒንና አንድ የቀጠሮ ካርድ ነው። በቃ። ቤት ገባን።

እማዬ ቡና ማፍላት ትወዳለች። ከሆስፒታል ከመጣች ወዲህ ግን እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲኒው ረከቦቱ ላይ ኪል ኪል ይላል። ቡና የተጠሩት ጎረቤቶች ሲኒውን ያያሉ፣ እርስ በርስ ይተያያሉ። «ባሰባት» ተባለ። «መድኃኒቱ ነው ያደረቃት፣ አስተዋት» ተባለ። አስተዋናት። በሦስት ወር ውስጥ ተመልሳ ወደቀች፣ ያኛው ከበፊቱ የከፋ ነበር። መንቀጥቀጡ ከክኒኑ የመጣ እንደሆነ፣ ለሱም ሌላ ክኒን እንዳለ፣ መጠኑንም ማስተካከል እንደሚቻል የሰማሁት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ያውም በአጋጣሚ፣ መድኃኒት ቤት ተሰልፌ፣ ከፊቴ የቆሙ ሰውዬ ለፋርማሲስቱ ሲያወሩ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የጎደለን። አባቴን ኮሪደር ላይ አቁሞ «እጇ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፣ እንዳታስተዋት፣ ና ንገረን» የሚለው ሰው ብቻ።

ለዚህ ነው ኒክን ሳየው የማልፈርድበት። ስድስት ወር ሆስፒታል የቆየች ሚስቱ የምትመለስበት ቀን ምን አደረገ መሰላችሁ? ቤቱን በሰው ሞላው፣ ድግስ። ክፋት አይደለም፣ አላወቀማ። ተው ሲሉት እንግዶቹን ያባርራል፣ ዘመድ ብቻ ይቀራል፣ ያም በዛባት። ምን ማድረግ እንዳለበት የነገረው ሰው በፊልሙ ውስጥ አይታይም። ሐኪም አለ፣ መርፌ አለ፣ ሆስፒታል አለ። ለቤተሰቡ ግን የሚያወራ የለም። ልጆቹ ብቻ ናቸው ምን ማድረግ እንዳለባቸው የገባቸው፤ ወደ ላይ ፎቅ እየተወሰዱ እየወረዱ እናታቸውን ይከቧታል።

ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ቡታጅራ ላይ ይህ ጉዳይ ተጠንቷል። በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች 178 ዘመዶች ተጠይቀው 75 ከመቶው በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደሚሰማቸው ተናገሩ። 37 ከመቶው ዘመዳቸው መታመሙን መደበቅ ይፈልጋሉ። የተጠየቁት ታማሚዎቹ አይደሉም፣ ቤተሰቦቻቸው ናቸው። ቁጥሩን ሳነበው የአባቴን ፊት አየሁት።

(በነገራችን ላይ ሜብልን የሠራችው ጂና ሮውላንድስ አልዛይመርስ እንደያዛት ልጇ ኒክ ካሳቬትስ በሰኔ 2016 ዓ.ም. ለጋዜጠኛ በግልጽ ተናገረ። በነሐሴ ዐረፈች። እኛ ጋ ቢሆን «ትንሽ ይረሳቸዋል፣ ዕድሜ ነው» ተብሎ ይታለፍ ነበር።)

ምንም አልሠራችሁም አልልም። ድሮ ሁሉም ነገር አማኑኤል ነበር፣ ዛሬ በየክልሉ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ በጤና ጣቢያም የሠለጠነ ነርስ የሚገኝበት አለ። የጤና ኤክስቴንሽን በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ከነበሩት 16 ፓኬጆች ውስጥ የአእምሮ ጤና አልነበረም፣ በኋላ ገብቷል። ጥሩ። ግን ፓኬጅ ውስጥ መግባትና ቤት ውስጥ መግባት ይለያያል። የኛ ሰፈር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ ክትባት፣ ስለ እርግዝና ክትትል ትጠይቀናለች፤ ልጅቷ ታታሪ ነች። «ቤት ውስጥ የሚጨንቀው፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ብቻውን የሚያወራ ሰው አለ?» ብላ ግን አንድም ቀን ጠይቃን አታውቅም። ብትጠይቅ ደግሞ መጀመሪያ እንዋሻለን። ሁለተኛም እንዋሻለን። በሦስተኛው ቡና ይፈላላታል፣ ያኔ ይወራል። የኛ ሰው እንደዚህ ነው፣ ታውቁታላችሁ።

በየዓመቱ በመስከረም መጨረሻ የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ይከበራል። ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ አዳራሽ ውስጥ ንግግር ይደረጋል። አንድ ጊዜ ገብቼ ሰምቻለሁ። ጥሩ ነበር፣ ግን አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ባለሙያ ነበር። የሹፌሩ ዓይነት ሰው አልነበረም።

እንግዲህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። አዲስ ሆስፒታል ሥሩ አልልም፣ ብትሠሩ ደስ ይለኛል እንጂ። አንድ ታማሚ ከአልጋ ሲወጣ ቤተሰቡን ሳያናግሩ መሸኘት ይቅር። አንድ ወረቀት ስጧቸው፣ በሚናገሩት ቋንቋ፣ በሚገባቸው አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ፦ ይህ መድኃኒት ይህን ያደርጋል፣ ይህን ስታዩ አትደንግጡ፣ ይህን ስታዩ ደግሞ ዛሬውኑ አምጧት። ማንበብ የማይችል ካለ በቃል ይነገረው። ጠበል የሚሄድ ካለም አትሳደቡት፣ «ሂድ፣ ክኒኑንም ይዘህ ሂድ» በሉት። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሐኪም ሃያ ደቂቃ ከሌለው፣ አይኖረውምም፣ ነርስ ታድርገው፣ ማኅበራዊ ሠራተኛ ያድርገው። ማን እንደሚሠራው እናንተ ታውቃላችሁ፤ ብቻ የአንድ ሰው ሥራ ተብሎ በመመሪያ ይጻፍ። ካልተጻፈ ማንም አይሠራውም።

ሌላም አለኝ። በሚቀጥለው ወር ያን ፊልም ሌላ ግቢ ልናሳየው ነው፣ የጠየቁን አሉ። አንድ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ላኩልን። ንግግር እንድታደርግ አይደለም። ከኛ ጋር ቁጭ ብላ ትይ፣ ቆሎ ትብላ፣ ሲያልቅ ሰው የሚጠይቃትን ትመልስ። ፕሮጀክተሩም ቆሎውም ከኛ ነው። የደንብ ልብስ ባትለብስ ይሻላል።

ለምን ነርስ እንደፈለግሁ ልንገራችሁና ላብቃ። ያን ቀን ሁሉም ከተበታተነ በኋላ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኗል፣ ቴሌግራም ላይ መልእክት መጣልኝ። ከአስተርጓሚዋ ነው። «መተርጎም ስላቆምኩ ይቅርታ። እናቴ እንደዚያ ነች፣ ክፍለ ሀገር ነው ያለችው፣ ማንም አያውቅም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ወደ ልጅ ይተላለፋል? በሚቀጥለው ዓመት ላገባ ነው።»

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ያነበብኩትን ያህል ጻፍኩላት፦ አብዛኞቹ ልጆች አይታመሙም፣ ከሌላው ሰው ከፍ ያለ ዕድል ግን አለ፣ እንደ ሕመሙ ዓይነት ይለያያል። አየችው። ከዚያ «የእናቴ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ነግረውን አያውቁም» ብላ መለሰችልኝ።

ከአክብሮት ጋር፤
የአንዲት ታማሚ እናት ልጅ፣ ከአዲስ አበባ