ለወዳጄ፦ ስለ ጎበጠው ሻንሲ

ወዳጄ፣ እንዴት ከረምክ? በጣም ተጠፋፋን። ስልኩም ቀረ፣ መልእክቱም ቀረ። ቤተሰብ፣ ሥራ፣ ጤና ሁሉ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፣ አንተ ግን በጣም ናፍቀኸኛል። ሰሞኑን መኪና ሥር ተኝቼ በሜትር ስለካ አንተ ከሐሳቤ አልወጣ አልክ። ከጓደኞቻችን ሁሉ ኪሱ ውስጥ ሜትር የማይጠፋ አንተ ብቻ ነበርክ። ለዚህ ነው ብዕር ያነሳሁት።

አንድ አሮጌ ፒክአፕ ገዛሁ። ሁለታችን ስንመኛት የኖርነው ዓይነት ናት። ሞተሯ ጤነኛ ነው፣ ካምቢዮዋም እንደዚያው። ግን ከፊት በግራ በኩል ተመትታ ሻንሲዋ፣ ማለትም ሞተሩንና ቦዲውን የተሸከሙት ረጃጅም ብረቶችና የሚያያይዟቸው ተሻጋሪዎች፣ ጎብጧል። የሸጠልኝ ሰው ይህን አልደበቀኝም። ስትሄድ ከኋላ ሆነህ ብታያት ፊቷ ወደ አንድ ጎን፣ ኋላዋ ወደ ሌላ ጎን ነው። መሪውን ለቀቅ ካደረግከው ወደ ግራ ይስባል። የግራው የፊት ጎማ በውስጥ በኩል ብቻ ተበልቶ አልቋል። በሩም ከፍ ካላደረጉት አይዘጋም።

ያየ ሁሉ ምክሩ አንድ ነው። «ሰንሰለት እሰርና ጎትተው!» እኔ ግን ሳልለካ አልነካም አልኩ። ሻንሲ በዓይን አይታወቅም። የጎበጠ የመሰለህ ቦታ ደህና ይሆንና ደህና የመሰለህ ተጣሞ ታገኘዋለህ።

እናም ጠፍጣፋ ወለል ላይ በጠንካራ ማቆሚያ አስቀመጥኳት። ፋብሪካው ሻንሲው ላይ ከበሳቸው ቀዳዳዎች ቱንቢ እያወረድኩ፣ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ። መኪናዋን ገፍቼ ካወጣሁ በኋላ ነጥቦቹን በሰያፍ ለካኋቸው። ከግራ ፊት ወደ ቀኝ ኋላ፣ ከቀኝ ፊት ወደ ግራ ኋላ። ሻንሲው ደህና ከሆነ ሁለቱ ልኮች እኩል ይመጣሉ። ከመሐለኛው ተሻጋሪ ብረት ወደ ኋላ ያለው በትክክል እኩል ሆነ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ምክንያቱም ስትጎትት መኪናዋ እንዳትንቀሳቀስ የምታስራት በደህናው ክፍል ነው፤ እሱ ከተጣመማ መነሻም የለህም። ከዚያ ወደ ፊት ያለው ግን በ17 ሚሊ ሜትር ይለያያል። ፋብሪካዎች የሚፈቅዱት ብዙ ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በከፍታም ቢሆን የግራው ረጅም ብረት ወደ ላይ ተነሥቷል።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ መጎተቱ የገባሁት። ይህን ሥራ ወድጄዋለሁ፣ አንተም ብታየው ትወደዋለህ። ብረት ሲጎተት ይመጣል፣ ሲለቀቅ ደግሞ ትንሽ ይመለሳል። ስለዚህ ከልኩ ጥቂት ማሳለፍ አለብህ፤ ግን በአንድ ጊዜ አይደለም። ጥቂት ትጎትታለህ። ሰንሰለቱ እንደተወጠረ በጎበጠው ዙሪያ በመዶሻ ትመታለህ፣ ብረቱ ውስጥ የታመቀው ውጥረት እንዲላላ። ትለቃለህ። እንደገና ትለካለህ። ቅደም ተከተልም አለው፤ በግጭቱ መጨረሻ ላይ የተጣመመው መጀመሪያ ይቃናል። ስለዚህ ከተመታው ጫፍ ሳይሆን ራቅ ካለው ጉብጠት ጀመርኩ። ሰንሰለቱ ሲወጠር ደግሞ በአቅጣጫው ማንንም አላቆምም፣ ከባድ ብርድ ልብስም እጥልበታለሁ። ቢበጠስ ሰው ይገድላል።

አንድ ጎበዝ በያጅ «በእሳት እናግለው፣ ቶሎ ይመጣልሃል» አለኝ። ቶሎስ ይመጣል። ግን ጠንካራ ብረት ከልክ በላይ ከጋለ ጥንካሬውን ያጣል። ቀጥ ብሎ ታየዋለህ፣ ያ ብረት ግን የቀድሞው አይደለም። ቦዲያቸውና ሻንሲያቸው አንድ በሆኑት አዳዲስ መኪናዎች ላይማ አንዳንዱን ብረት ማቃናት ራሱ ክልክል ነው፤ ተቆርጦ ይቀየራል። እኔም እሳቱን ተውኩት። ጊዜ ወሰደ፤ ይውሰድ።

አሁን የሰያፉ ልዩነት 2 ሚሊ ሜትር ደርሷል፣ ከፍታውም ተስተካክሏል። የቀረው የግራው ብረት ጫፍ ነው። እሱ ጎብጦ ብቻ አላበቃም፣ ተጨማድዷል። ወፍራም ሽቦ አጥፈህ መልሰህ ስታቃና፣ የታጠፈበት ቦታ ጉጥ ሆኖ ይቀርና ሽቦው ከጎኑ ይታጠፋል አይደል? ያ ቦታ ደርቋላ። ሻንሲም እንደዚያው ነው። ስለዚህ የተጨማደደውን ቆርጬ በሌላ ልተካው ነው። እስካሁን ያልቆረጥኩት የምጎትትበትን ሰንሰለት የማስረው እሱ ላይ ስለነበር ነው።

ላዩ ላይ ወፍራም ላሜራ ለጥፈህ በይደው ያሉኝም አሉ። አልስማማም። አንዱ ቦታ ብቻ በጣም ሲጠነክር ጭነቱ የላሜራው ጠርዝ ላይ ይከማችና ብረቱ እዚያው ይሰነጠቃል።

የአንተን ዓይን የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ፎቶዎቹንና የልኬቱን ወረቀት አብሬ ልኬልሃለሁ። በጠመኔ ያሰመርኩት መቁረጫዬ ነው። ቀዳዳ እንዳይነካ፣ መሪውና ሞተሩ የሚታሰሩበትንም እንዳይጠጋ አድርጌ መርጬዋለሁ። ውስጡ ማስገቢያ ብረት አድርጌ ዙሪያውን ልበይደው አስቤያለሁ። ርቀቱ ይበቃል ትላለህ? ወይስ ወደ ፊት ላምጣው? መጥተህ ብታየው ደግሞ ከሁሉ ይሻላል፤ ወሬያችንም ብዙ ነው። ሰልባቲዮው (የነዳጅ ታንኩ) ወርዷል፣ ባትሪውም ተነቅሏል፣ ለብየዳው ሁሉ ዝግጁ ነው። መልስህ ሳይደርሰኝ ግን አልቆርጥም።

ወንድምህ