ለአባባ፣ ስለ አዲሱ ሞኒተር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

ከላፕቶፑ ጋር እንዲገጠም የላክሁልዎ ትልቁ ስክሪን፣ ሞኒተሩ፣ በሰላም መድረሱን እማዬ ነግራኛለች። የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ሲመጣ አብራችሁ እንድትገጥሙት ይህን ጻፍኩ። በስልክ ብነግርዎ መስመሩ እየተቆራረጠ ግማሹ ይቀራል፤ ወረቀት ግን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ መልሶ መላልሶ ይነበባል። በቪዲዮ ስንገናኝ የዕድሩን መዝገብ ለማንበብ ላፕቶፑ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ደግሞ በመነጽሩ ታችኛው መስታወት ለማየት አገጭዎን ቀና አድርገው አያለሁ። አንገትዎን የሚያምዎት ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ስለዚህ ሞኒተሩ ሲተከል ከቤት ዕቃው ጋር ማማሩን ሳይሆን ከእርስዎ አቀማመጥ ጋር መስማማቱን እዩልኝ።

በመጀመሪያ ስለ ኤሌክትሪኩ። እዚህ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፣ እናንተ ዘንድ 220። ሆኖም ከሞኒተሩ ጀርባ በተለጠፈው ወረቀት ላይ 100-240 የሚል ስለተጻፈ ሁለቱንም ይችላል፤ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል የሚል ሰው ቢመጣ አይስሙት። የማይገባው የአሜሪካው ስፒና ብቻ ነው፣ እግሮቹ ጠፍጣፋ ናቸውና። በአስማሚ ከመሰካት ይልቅ ከኮምፒውተር ሱቅ ክብ እግር ያለው የዴስክቶፕ ኮምፒውተር የኤሌክትሪክ ገመድ ይግዙ። በሞኒተሩ በኩል የሚገባው ጫፍ አንድ ዓይነት ስለሆነ ልክ ይሆናል። ርካሽ አስማሚ ሲላላ ይሞቃል፣ ብልጭ ድርግም ያደርጋል፤ ከዚያም በላይ የመሬት መስመሩን ያስቀራል። ሦስተኛዋን እግር ቆርጦ መሰካትማ ፈጽሞ አይሆንም።

ሞኒተሩ የሚበላው 20 ዋት አካባቢ ስለሆነ ቆጣሪው ላይ ሸክም አይሆንም። ብቻ ከኤሌክትሪክ ምጣዱ ጋር በአንድ መስመር አይሁን። ምጣዱ ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚስብ በተሰካና በተነቀለ ቁጥር ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ይወጣል። ለማቀዝቀዣው የገዛችሁት ዓይነት ስታቢላይዘር ትንሹን ብታገኙ ሞኒተሩንም የላፕቶፑን ቻርጀርም አንድ ላይ ይጠብቃል።

ሲከፈት ካርቶኑን አልጋ ላይ አስተኝታችሁ ክፈቱት። ከፎሙ ሲወጣ በጠርዙ እንጂ የስክሪኑን ፊት በመዳፍ ተጭኖ መያዝ አይገባም፤ ከፊቱ ያለው ንብርብር ስስ ስለሆነ በአውራ ጣት ቢጫን እንኳ ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል። የማይጠፋ ጥቁር እድፍ ወይም መስመር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። ብርድ ልብስ ላይ ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ አንገቱን ከጀርባው ግፉት፣ ቀጭ ሲል ገብቷል ማለት ነው። ከዚያ እግሩን ከታች አስገብታችሁ ብሎኑን አጥብቁ። ብሎኑ ቀለበት ስላለው በእጅ ይዞራል፣ ካቻቢቴ አያስፈልግም። ሲነሣ ግን አንገቱን ይዛችሁ አንሡት።

የት ይቀመጥ ለሚለው፣ እባክዎ ቡፌው ላይ አይሁን። ቴሌቪዥን ከሩቅ ይታያል፤ ይህ ግን የሚነበብ ነገር ነው። የጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ክንድዎን ሲዘረጉ የጣትዎ ጫፍ ስክሪኑን በሚነካበት ርቀት ይሁን፤ ከ50 እስከ 70 ሴንቲሜትር ማለት ነው። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን ጋር እኩል ይሁን የሚባለው አንድ መስታወት ብቻ ባለው መነጽር ለሚያዩ ነው። የእርስዎ መነጽር ከላይ ለሩቅ፣ ከታች ለንባብ ስለሆነ እንደዚያ ከፍ ከተደረገ አንገትዎ እንደገና ወደ ኋላ ይቀለበሳል። ስለዚህ ምንም መጽሐፍ ከሥሩ ሳይደረግ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ የላይኛው ጠርዝ ከዓይንዎ አንድ ስንዝር ያህል ይውረድ፣ ፊቱም ወደ ኋላ ጥቂት ጋደል ይበል። ልክ መሆኑን የሚያውቁት አገጭዎን ሳያነሡ የመጨረሻውን መስመር ማንበብ ሲችሉ ነው። ብዙ የሚጽፉ ከሆነ የዓይን ሐኪሙ ለዚህ ርቀት ብቻ የሚሆን መነጽር ሊያዝልዎ ይችላል፤ የለኩትን ሴንቲሜትር ይንገሩት።

መስኮቱ በጎንዎ በኩል ይሁን። ከፊትዎ ከሆነ ብርሃኑ ዓይንዎን ይወጋል፤ ከኋላዎ ከሆነ ደግሞ የመስኮቱ ምስል ስክሪኑ ላይ ያርፍና ጽሑፉን ይሸፍናል። ኪቦርድና ማውዝ ለብቻቸው የላክሁትም ለዚሁ ነው፤ ላፕቶፑ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ሞኒተሩ ከፊትዎ እንዲሆን።

አሁን ገመዱን። ምስሉን ከላፕቶፑ ወደ ሞኒተሩ የሚወስደው፣ ኤችዲኤምአይ የሚባለው ገመድ፣ ጫፉ አንደኛው ጎኑ ሰፋ፣ ሌላው ጠበብ ያለ ነው፤ ቅርጹን አይታችሁ ስትገፉት ይገባል። እምቢ ካለ ተገልብጧልና አታስገድዱት። ላፕቶፕዎ የድሮ ስለሆነ ቪጂኤ የሚባል 15 ቀዳዳ ያለው ሰማያዊ መሰኪያም አለው፤ እሱን ተዉት። ቪጂኤ ምስሉን እንደ ሞገድ ስለሚልከው ፊደሉ ጠርዙ ይደበዝዛል፣ ኤችዲኤምአይ ግን ምስሉ የተሠራበትን እያንዳንዷን ነጥብ በቁጥር ይልካል።

አንድ ነገር በደንብ ልብ ይበሉልኝ፤ አዲስ ሞኒተር ገዝተው «ጥራት የለውም» የሚሉ ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ይህ ሞኒተር በወርድ 1920፣ በቁመት 1080 ነጥቦች አሉት፤ በጠቅላላው ከ2 ሚሊዮን በላይ። ነጥቦቹ በፋብሪካ የተተከሉ ናቸው፣ አይጨምሩም አይቀንሱም። ላፕቶፕዎ ግን 1366 በ768 ብቻ ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ምስል እንዲያሳዩ ከተደረገ፣ ዱፕሊኬት በሚባለው ማለት ነው፣ ኮምፒውተሩ ብዙ ጊዜ በትንሹ ልክ ይሠራል። ያን ጊዜ አንድ ነጥብ በ1.4 ነጥብ ላይ መዘርጋት አለበት። ግማሽ ነጥብ ደግሞ የለምና ጎረቤቶቹ ተቀላቅለው ግራጫ ይሆናሉ። በእኛ ፊደል ይህ ክፉ ነው። የ«ሉ» ቅጥያ ከእግሯ መሐል፣ የ«ሊ» ከእግሯ ሥር ነው፤ ልዩነቱ ጥቂት ነጥቦች ብቻ ስለሆነ ሲደበዝዝ ቃሉን በግምት ማንበብ ይመጣል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዘው የእንግሊዝኛውን ፒ ይጫኑ። አራት ምርጫ ይመጣል፤ የመጨረሻውን፣ ሰከንድ ስክሪን ኦንሊ የሚለውን ይምረጡ። ከዚያ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ ገብታችሁ ሪዞሉሽኑ፣ የነጥቦቹ ብዛት ማለት ነው፣ 1920 በ1080 መሆኑን፣ አጠገቡም ሪከመንድድ የሚል መኖሩን እዩ።

ፊደሉ አነሰ ካሉ ሪዞሉሽኑን አይቀንሱ፤ እዚያው ከላይ ስኬል የሚለውን 125 በመቶ፣ ካልበቃም 150 ያድርጉት። ስኬል ፊደሉን በብዙ ነጥብ ስለሚሥለው ሲተልቅም ጥርት እንዳለ ይቆያል። ኮንትሮል የሚለውን ቁልፍ ይዘው የማውዙን መሽከርከሪያ ወደ ፊት ቢያዞሩም ገጹ ይተልቃል። መዝገቡን ሲጽፉ የፊደሉን መጠን 20 ከሚያደርጉት እንዲህ አጉልተው ቢያዩት ይሻላል፤ አለዚያ ሲታተም ወረቀቱም እንደዚያው ገዝፎ ይወጣል። የቆዩ ጽሑፎችዎ ኒያላ በሚባለው የፊደል ቅርጽ የተጻፉ ስለሆኑ፣ መልካቸው ተለውጦ ካዩ ዊንዶውስ 10 ኒያላን እንደ ተጨማሪ ስለሚቆጥረው ነው። ልጁ ከሴቲንግስ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ከሚለው ገብቶ የኢትዮጵያን ፊደል ጥቅል በኢንተርኔት ይጫንልዎ።

ብርሃኑ ከፋብሪካ ሲመጣ ለሱቅ መደርደሪያ እንጂ ለቤት የሚሆን አይደለም። ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ አጠገብ ይያዙና ያስተያዩ። ስክሪኑ ከወረቀቱ ይልቅ እንደ መብራት ካበራ ይቀንሱት፣ ወረቀቱ ከበለጠው ይጨምሩት። ቁልፎቹ ከታች ጠርዝ በስተቀኝ ናቸው፤ ብራይትነስ የሚለውን ማታ 30 አካባቢ፣ ቀን ከፍ አድርገው ይሞክሩ። ኮንትራስትና ሻርፕነስ የሚሉትን አይንኩ። በተለይ ሻርፕነስ ከበዛ በፊደሉ ዙሪያ ነጭ ጥላ ያወጣል።

አሁን ደግሞ መብራት ሲጠፋ። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው ሥራው አይቋረጥም፤ የሚጠፋው ሞኒተሩ ብቻ ነው። ምስሉ ግን ወደ ላፕቶፑ ስክሪን ላይመለስ ይችላል። ምክንያቱ ላፕቶፑ በኤችዲኤምአዩ ገመድ በኩል ትንሽ ኤሌክትሪክ ስለሚልክ ሞኒተሩ ጠፍቶም «አለሁ» እንዳለ ይቆያል። ሁለቱም ሲጨልሙ ጽሑፌ ጠፋ ብለው አይደንግጡ፣ ላፕቶፑንም በጉልበት አያጥፉት። የኤችዲኤምአዩን ገመድ ከላፕቶፑ በኩል ይንቀሉት፤ በጥቂት ሰከንድ ምስሉ ላፕቶፑ ላይ ይመጣል፣ ጽሑፍዎን ሴቭ ያደርጋሉ። የሞኒተሩን ስፒናም ያኔውኑ ይንቀሉ። መብራቱ ሲመለስ መጀመሪያ ከፍ ዝቅ ስለሚል 5 ደቂቃ ያህል ጠብቀው ይሰኩት። ኤችዲኤምአዩን ሲመልሱ ላፕቶፑ የቀድሞውን ምርጫ ያስታውሰዋል። የላፕቶፑን ክዳን ግን አይዝጉ፤ ሲዘጋ ይተኛል።

«ኖ ሲግናል» ብሎ ከጨለመ ሞኒተሩ ደህና ነው፣ ምስል አልደረሰኝም ማለቱ ነው። መጀመሪያ ማውዙን ያነቃንቁ፣ ላፕቶፑ ተኝቶ ይሆናል። ቀጥሎ ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ ነቅለው ይመልሱ። ከዚያም ከሞኒተሩ ቁልፎች ኢንፑት ወይም ሶርስ የሚለውን ከፍተው ኤችዲኤምአይ መመረጡን ይዩ። ምንም ጽሑፍ ሳይወጣ ትንሿ መብራትም ካልበራች ግን ነገሩ ከኤሌክትሪኩ ነውና ስፒናውንና ዲቫይደሩን ይፈትሹ።

ድምፅ ጠፋ ካሉም ሌላ ብልሽት አይደለም። ኤችዲኤምአይ ድምፅንም ጭኖ ስለሚሄድ ኮምፒውተሩ ወደ ሞኒተሩ ይልከዋል፤ ሞኒተሩ ደግሞ ድምፅ ማጉያ የለውም። ከታች በቀኝ ያለችውን የድምፅ ምልክት ተጭነው የላፕቶፑን ስፒከር ይምረጡ።

ለአቧራ፣ አጥፍተውና ነቅለው በመነጽርዎ ጨርቅ ቀስ ብለው ያብሱት። ያልለቀቀ ነጠብጣብ ካለ ጨርቁን በተጣራ ውኃ እርጥብ አድርገው፣ ጨምቀው ያብሱ። ውኃው ስክሪኑ ላይ አይረጭ፤ ወርዶ ከታችኛው ጠርዝ ሥር ወዳሉት ስስ የኤሌክትሪክ መስመሮች ይገባል። አልኮል፣ አረቄ፣ በረኪና፣ የመስታወት ማጽጃ አይነኩት፤ ብርሃን እንዳያንጸባርቅ የተቀባውን ይልጡታል። ሶፍትም ይጭረዋል። እማዬ ዳንቴል ልታለብሰው ብትፈልግ ሲጠፋ ታልብሰው፤ ሲሠራ ግን ከጀርባው ያሉት ቀዳዳዎች አይሸፈኑ፣ ሙቀቱ የሚወጣው በዚያ ነው።

ስለ ዓይንዎ አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ስክሪን ሲያይ ዓይኑን የሚያርገበግበው ከወትሮው ባነሰ ነው፤ ማቃጠልና መድረቁ ከዚያ ይመጣል። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ያህል በመስኮቱ አሻግረው ባሕር ዛፉን ይመልከቱ። ይህን ሁሉ አስተካክለው፣ ብርሃኑንም ቀንሰው፣ ነጩ ገጽ አሁንም የሚያጥበረብርዎት ከሆነ ወይም በፊደሉ ዙሪያ ጭጋግ የሚታይዎት ከሆነ ግን ጥፋቱ የሞኒተሩ ላይሆን ይችላል፤ የዓይን ሞራ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ሲታወቅ በቀዶ ሕክምና የሚወገድ ነገር ነውና «እርጅና ነው» ብለው አይተዉት። አንድ ዓይንዎን በእጅዎ ሸፍነው በሌላው ያንብቡ፣ ከዚያም ያፈራርቁ። አንዱ ከሌላው የደከመ ከሆነ ሞኒተሩን ከመነካካት በፊት ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ።

ካርቶኑንና ፎሙን ለአንድ ወር አይጣሉ። ቅዳሜ ሲጨርሱ ልጁ ሁለት ፎቶ ይላክልኝ፦ አንዱ እርስዎ ተቀምጠው እያነበቡ ከጎን የተነሣ፣ ሁለተኛው «ሉ»ና «ሊ» የተጻፈበት ስክሪን ከቅርብ። የአንገትዎን አቀማመጥና የፊደሉን ጥራት አይቼ የቀረውን እሑድ በስልክ እንጨርሰዋለን።

ለእማዬ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ፣ ጉልበትዎን እስማለሁ።

ልጅዎ