«እኩልነት ጠይቃችሁ የለ? ቁሙ!» ለምትሉን ወንድሞች

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጠዋት ጠዋት ከአያት ወደ መገናኛ በባቡር የምትሄዱ ይህን ታውቁታላችሁ። ነፍሰ ጡር ትገባለች። አንዱ «እስቲ ተነሱላት» ይላል። ከተቀመጡት መሃል ደግሞ «እኩልነት ጠይቃችሁ የለ? ቁሙ!» የሚል መልስ ይመጣል። ይሳቃል፤ ሴትየዋም ብረቱን ይዛ ትቆማለች።

እኔን ይህ መልስ ያናድደኛል። እኩልነት የተጠየቀው ምን ስለነበረ ነው? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው፣ ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል ይል ነበር። ባልና ሚስት በቤታቸው ጉዳይ እኩል መብት አላቸው የሚል የቤተሰብ ሕግ የመጣው በ1992 ዓ.ም. ነው። እናቶቻችን የተከራከሩት ለዚህ ነው እንጂ፣ የደረሰ ሆድ ይዤ በግፊያ መሃል ልቁም ያለች የለችም።

«ለቀንላት አመሰግናለሁ እንኳ አትልም» ብለው የሚያማርሩ ወንዶች አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ምስጋና ይገባቸዋል። ከምስጋና ያለፈ ግን አይገባቸውም። ቦታውን ለቆ፣ ራስጌዋ ቆሞ ስልክ ቁጥር የሚጠይቅ፣ እምቢ ስትለው ደግሞ «ምን ያኮራሻል» ብሎ የሚሳደብ ሰው መጀመሪያውኑ ባይነሳ ይሻል ነበር። ብዙ ሴቶች «አይ፣ ደህና ነኝ» ብለን መቆሙን የምንመርጠው ይህን ፈርተን ነው፤ በቅንነት የተነሳውም ወንድ አብሮ ይቀየማል።

ሌላው ደግሞ ለማን ነው የምንነሳው? ለብሳ ተጊጣ ከመኪና ለምትወርደው «ሌዲስ ፈርስት» ብሎ በር የሚከፍት ሞልቷል። ከእንጦጦ ጀርባዋ እስኪጎብጥ እንጨት ተሸክማ ለምትወርደው እናት መንገድ የሚለቅላት ስንት ነው? ያቺ ሴት አይደለችም እንዴ?

አሳዳጊዎቻችን በዚህ ይበልጡናል። ትልቅ ሰው ሲገባ ቤት ያለው ሁሉ «ኖር» ብሎ ይነሳል፣ የገባውም «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጣቸዋል። ለአዛውንቱም ለአሮጊቷም ያው ነው። የሚታየው ዕድሜያቸው ነበር፣ መልክ አልነበረም። እኔ እንዲቀጥል የምፈልገው ይኼኛውን ጨዋነት ነው።

በነገራችን ላይ፣ ለሴት አስባለሁ የሚል ወንድ ቤቱንም ይይ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወላዷ 120 ቀን ፈቃድ ሲሰጥ ለአባትየው የሰጠው 3 ቀን ነው። ሚስቴ አራስ ናት፣ 3 ቀን አይበቃኝም ብለው በየመሥሪያ ቤታቸው የሚጠይቁ ወንዶች ቢበዙ ከበር መክፈቱ ይልቅ እሱ ደስ ይለኛል።

ታክሲ ሰልፍ ላይ ተራ አስከባሪዎቹ ነፍሰ ጡርና አቅመ ደካማ ወደ ፊት ሲያሳልፉ አይቻለሁ፤ ሰልፈኛውም ዝም ብሎ ይቀበላቸዋል። ባቡርና አውቶቡስ ላይ ያሉ ሠራተኞችም ደፈር ብለው «ለእሷ ልቀቁ» ቢሉልን ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀር ነበር። እኛ ጤነኛ ወጣት ሴቶችም ብንሆን አባት ቆመው እያዩ ስልካችን ላይ ማቀርቀሩን እንተው። መነሳቱ የወንድ ብቻ ሥራ አይደለም።

አንባቢያችሁ
ከአያት፣ አዲስ አበባ