ቻርጀሩን ስናሳድግ የአየር መውጫውንም ለምን አብረን እንሠራለን? ለካምፕ ተሳቢ ደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ወደ ላንጋኖ፣ ወደ አዋሽ፣ ወደ ባሌና ወደ ኦሞ ለመውጣት የምትዘጋጁ ብዙዎቻችሁ ተሳቢያችሁን (በመኪና የሚጎተተውን የጉዞ ማደሪያ) ለገጣፎ ወደሚገኘው ወርክሾፓችን ታመጣላችሁ። ጥያቄያችሁ በአብዛኛው አንድ ነው፦ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ጠንከር ያለ ቻርጀር ይገጠምልን። እኛም በዋጋ ማቅረቢያው ላይ የአየር ማስገቢያና ማስወጫ ሥራ ጨምረን እንልክላችኋለን። ያልጠየቃችሁት ሥራ ለምን እንደተጨመረ ማወቅ መብታችሁ ስለሆነ ምክንያቱን በዝርዝር ጽፈናል።

በመጀመሪያ ስለ ቻርጁ። ባትሪ ቶሎ የሚያልቀው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ስለማይሞላ ነው። ከመኪናው ሞተር ክፍል እስከ ተሳቢው ባትሪ 7 ሜትር ቢሆን፣ ኤሌክትሪኩ በፖዘቲቩ ሄዶ በኔጋቲቩ ሲመለስ 14 ሜትር ሽቦ ያልፋል። ሽቦው ባለ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ መዳብ ከሆነ 10 አምፔር ሲያልፍበት 1 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። ዲናሞው 14.2 ቮልት ቢሰጥም ባትሪው ጋ የሚደርሰው 13.2 ነው። ሊድ አሲድ (የእርሳስና የአሲድ) ባትሪ ግን በደንብ ለመሙላት 14.4 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ብትነዱም ግማሽ ሆድ ይዞ ያድራል፤ እንዲህ ሲከርም በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች (ፕሌቶች) ላይ ሰልፌት የተባለ ጨው ይጋገርና አቅሙ በማይመለስ ሁኔታ ይቀንሳል። ቤት ስትሆኑ ከ220 ቮልት የሚሞላው የድሮ ተሳቢ ቻርጀርም ብዙውን ጊዜ 13.6 ቮልት አካባቢ ላይ የቆመ ስለሆነ ጉድለቱን አያካክስም።

ይህን ራሳችሁ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ማየት ትችላላችሁ። ሞተሩን አስነስታችሁ ነዳጅ ጥቂት ሰጥታችሁ፣ የተሳቢው ባትሪ ጎደል እንዳለ፣ መጀመሪያ የመኪናውን ባትሪ ቀጥሎ የተሳቢውን ለኩ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ ገመዱ ቀጥኗል ወይም አንዱ መጋጠሚያ ዝጓል። አዲስ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እንድትለኩ አጥብቀን እንመክራለን።

መፍትሔው ተሳቢው ውስጥ፣ ከባትሪው አጠገብ የሚገጠም ባለ 30 አምፔር ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር ነው። የመጣለትን ዝቅ ያለ ቮልት ከፍ አድርጎ፣ ለባትሪው ዓይነት በተመረጠው ደረጃ ይሞላል። 30 አምፔር ለማውጣት ከመኪናው 40 አምፔር ያህል ስለሚስብ፣ ባለ 16 ሚሊሜትር ካሬ ገመድ በፖዘቲቭም በኔጋቲቭም እንዘረጋለን። ኔጋቲቩን ለመጎተቻው ኳስና ለሻሲው መተው አይቻልም፤ ዝገትና ቅባት መሐል ሲገባ ግንኙነቱ ይቆራረጣል፣ ይግላልም። የመብራቱ ባለ 7 ፒን ሶኬት ይህን ኃይል ስለማይችል ለብቻው ባለ 50 አምፔር አንደርሰን ሶኬት (ለከባድ ኃይል የተሠራ መሰኪያ) እንገጥማለን። ባለ 50 አምፔር ፊውዝ በሁለቱም ባትሪዎች በኩል፣ ከተርሚናሉ ከ20 ሳንቲሜትር ባልራቀ ቦታ ይገባል። ሁለቱም ጫፍ ባትሪ ስላለበት አንድ ፊውዝ ብቻ ገመዱን አያድነውም።

አሁን ወደ ተጨመረው ሥራ እንምጣ። ውሃ የሚጨመርበት ሊድ አሲድ ባትሪ በ14.4 ቮልት መጨረሻው ድረስ ሲሞላ ውስጡ ያለው ውሃ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይከፈላል። ቀድሞ በ13.2 ቮልት ሲንፏቀቅ የነበረው ባትሪ ብዙም ጋዝ አይሰጥም ነበር፤ በትክክል ሲሞላ ግን ይሰጣል። ሃይድሮጅን ከአየሩ 4 በመቶ ከደረሰ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። በብዙ ተሳቢዎች ደግሞ ባትሪው የሚቀመጠው ከአልጋ ሥር ነው።

ለቋሚ ባትሪዎች የወጣው ኢኤን 62485-2 የተባለው የአውሮፓ መለኪያ፣ 100 አምፔር ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ) ለሚይዝ ባለ 12 ቮልት ባትሪ በፈጣን ቻርጅ ጊዜ በሰዓት 0.6 ሜትር ኩብ አየር ይጠይቃል። ለዚህም ለመግቢያውም ለመውጫውም 17 ሳንቲሜትር ካሬ ያህል ቀዳዳ ያስፈልጋል። እኛ ያለንበት ከፍታ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ያው ጋዝ አንድ ሦስተኛ ያህል የበለጠ ቦታ ይይዛል። የነፍሳት ወንፊቱም ቀዳዳውን ያጠበዋል። ስለዚህ 50 ሚሊሜትር የፒቪሲ ቱቦ አይበቃም፤ ለአንድ ባትሪ 75፣ ለሁለት 110 ሚሊሜትር እንጠቀማለን።

ከስፋቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አቀማመጡ ነው። ሃይድሮጅን ወደ ላይ ይሄዳል፤ መውጫው ከሣጥኑ ከፍተኛ ቦታ ተነሥቶ ሳይጎብጥ እያቀና ወደ ውጭ መውጣት አለበት፣ መግቢያው ደግሞ ታች። ወለሉ ላይ ብቻ ቀዳዳ ያለው ሣጥን ጋዙን ክዳኑ ሥር ያከማቻል። ክዳኑ ዙሪያውን የጎማ ማሸጊያ ሊኖረው ይገባል። ቻርጀሩ፣ ፊውዙና ማብሪያ ማጥፊያው ከሣጥኑ ውጭ ይሁኑ። ቻርጀሩ ሲሠራ ወደ 40 ዋት ሙቀት ስለሚለቅ ዙሪያውን 10 ሳንቲሜትር ክፍት ቦታ ይሰጠው፤ በስስ አየር ውስጥ ሙቀት ቶሎ አይወጣም፣ ቻርጀሩም ሲግል በራሱ ኃይሉን ይቀንሳል።

ስለ ጣሪያ ፋን በተለይ ልብ እንድትሉልን እንለምናለን። መስኮቱን ሁሉ ዘግታችሁ ፋኑን ወደ ውጭ ስታዞሩት ቤቱ አየር ያጥረውና ባገኘው ስንጥቅ ይስባል። ማሸጊያው የለቀቀ የባትሪ ሣጥን ካለ ጋዙን ወደምትተኙበት ያመጣዋል። ደጃፍ ላይ ለቡና የተቀጣጠለ የከሰል ምድጃ ካለም ካርቦን ሞኖክሳይዱን ይስበዋል። ፋን ሲበራ ዝቅ ያለ መስኮት፣ ከምድጃው በተቃራኒ በኩል፣ ይከፈት። ከሰል ግን ተሳቢው ውስጥ በፍጹም አይግባ፤ ነበልባሉ ጠፍቶ ፍም የሆነውም ቢሆን፣ ብርዱ ቢከብድም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ በከፍታ ቦታ ደግሞ ኦክስጅኑ ራሱ ያነሰ ስለሆነ ጉዳቱ ይፈጥናል። ማስጠንቀቂያ አላርም በምትተኙበት ከፍታ እንገጥማለን። ቡታ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ለእርሱ የወለል ቀዳዳ ያስፈልጋል፣ እንዲሞቃችሁ ብላችሁ በጨርቅ አትድፈኑት።

ፋኑ ራሱ ብዙ አይበላም። በዝግታ ሲሠራ 1 አምፔር ቢወስድ በ8 ሰዓት ሌሊት 8 አምፔር ሰዓት ነው። አቧራማ መንገድ ላይ ስትነዱ ወደ ፊት የሚከፈት የጣሪያ መግቢያ ካለ ጥቂት ክፈቱት፤ ውስጡ ግፊት ሲያገኝ አቧራው በስንጥቅ አይገባም።

ስለ ሙቀትና ብርድ፦ 14.4 ቮልት የሚባለው ለ25 ዲግሪ ነው። አፋር ወርዳችሁ ባትሪው 40 ዲግሪ ሲደርስ ቮልቱ ወደ 14.0 መውረድ አለበት፤ ካልወረደ ባትሪው ይፈላል፣ ውሃው ያልቃል። ስለዚህ የሙቀት መለኪያ ሽቦ ያለው ቻርጀር እንመርጣለን፣ ጫፉም ከባትሪው ጎን ይጣበቃል። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከሸተታችሁ ከልክ በላይ እየተሞላ ነው፦ ሰው ይውጣ፣ በርና መስኮት ይከፈት፣ ቻርጁ ከውጭ በመኪናው በኩል ይቋረጥ። የሶላር ማቋረጫውንም በዚህ ምክንያት ከሣጥኑ ርቆ፣ በር አጠገብ እናደርገዋለን።

በሊድ አሲድ ፈንታ ሊትየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ለሚመርጡ፦ በመደበኛ ቻርጅ ሃይድሮጅን ስለማይሰጥ ትልቁ ቱቦ ይቀርላችኋል፣ ለቻርጀሩ ሙቀት ማውጫ ግን አይቀርም። ከዲናሞ ጋር በቀጥታ አታገናኙት፤ ያለ ገደብ ስለሚስብ ዲናሞውን ሊያቃጥል ይችላል። ከ0 ዲግሪ በታችም መሞላት የለበትም። ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በባሌው ሳነቴ አምባ ላይ ለሚያድሩ ይህ እውነተኛ ጉዳይ ነው፤ በብርድ ቻርጅን የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ ያለውን ግዙ።

ሶላሩ ቀላል ነው። ባለ 200 ዋት ፓኔል ከኤምፒፒቲ ኮንትሮለር (ከፓኔሉ የሚቻለውን ያህል ኃይል ከሚያወጣ መቆጣጠሪያ) ጋር በጥሩ የበጋ ቀን 60 አምፔር ሰዓት ገደማ ያስገባል፣ ሐምሌና ነሐሴ ግን በጣም ያንሳል። ፀሐይ እዚህ ከራስ በላይ ስለምትሄድ ጣሪያው ላይ ጠፍጣፋ ቢተኛ ይበቃል። ከሥሩ 5 ሳንቲሜትር አየር ማለፊያ ይተውለት፤ ፓኔል ሲግል በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል።

የባትሪ ሣጥናችሁ ከመኖሪያው ውጭ፣ መጎተቻው ላይ ከሆነና ከላይ የሚተነፍስ ከሆነ የቱቦውን ሥራ ከዋጋው እንቀንሳለን። ከአልጋ ሥር ላለ ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ግን ቻርጀሩን ለብቻው አንገጥምም።

ለሥራ ስትመጡ የሚጎትተውን መኪና አብራችሁ አምጡ፤ የመኪናው በኩል ገመድና ፊውዝ ሳይሠራ ተሳቢው ብቻውን ምንም አያገኝም። አዳዲስ መኪኖች ዲናሟቸው በኮምፒውተር ቮልቱን ዝቅ ስለሚያደርግ ሞዴሉንና ዓመተ ምሕረቱን አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ሞተሩ መነሣቱን ለቻርጀሩ የሚነግረውን የቁልፍ ምልክት ሽቦ ከየት እንደምንወስድ የሚወስነው እርሱ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የወርክሾፑ ባለሙያዎች፣ ለገጣፎ